ፋይሉ አለ፣ ቁልፉ የለም

ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ ባለ አንድ የቲቪ ጥገና ቤት ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው። አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን ፍላሽ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ባለቤታቸው የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ፤ ከማረፋቸው በፊት ስለ ባቡሩ በተሠራ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርበው ተናግረዋል። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ልጃቸው ፍላሿን ቲቪው ላይ ሰክቶ፣ ሪሞቱ ላይ ቀይዋን ነጥብ ተጭኖ ቀዳው። በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቲቪው ተበላሸ፤ ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ሜይን ቦርዱ፣ ተቀየረለትና ሠራ። ፍላሿ ግን አልከፈት አለች።

ጠጋኙ ወጣት ላፕቶፑ ላይ ሰካት። ወዲያው «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ አለብዎት» የሚል ሳጥን ብቅ አለ። ልጁ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። ሥራውን የሚያውቅ መሆኑን የነገረኝ ይሄ ነው፤ ብዙ ቦታ እዚህ ላይ «እሺ» ይጫንና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሌላ ፕሮግራም ከፍቶ የፍላሿን ውስጥ አሳያቸው፤ ፋይሉ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነመጠኑ ተቀምጧል።

«እማማ፣ ፋይሉ አለ። አልጠፋም። ግን አይከፈትም።»

«ካለ ክፈትልኛ፣ ልጄ።»

«አቦ ብችል! ቁልፉ ያለው አሮጌው ቦርድ ላይ ነው። አሮጌው ቦርድ የት ደረሰ?»

አሮጌው ቦርድ ከአዲሱ ዋጋ ላይ ታስቦ፣ ለቀየረው ለሌላው ጠጋኝ ተሰጥቷል። እሱም ከብጤዎቹ ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ ወደ አዲስ አበባ ልኮታል።

ፍላሿ ደህና ናት። ፋይሉ ደህና ነው። ፕሮግራሙ ዲሽ ያለው ሁሉ በነፃ በሚያየው ጣቢያ የተላለፈ ነው። ቲቪው የእሳቸው፣ ፍላሿ የእሳቸው፣ ምስሉ ላይ ያሉትም ባላቸው። ታዲያ የተቆለፈው በማን ላይ ነው? ይሄ ጥያቄ ነው የሚከነክነኝ። ባሰብኩት ቁጥር ደግሞ ስለዚህች ፍላሽ ብቻ ሳይሆን ሳሎናችን ውስጥ ስላለው ዕቃ ሁሉ እየሆነ ሄደ።

## ቲቪው ሲቀዳ ምን ይሠራል

ብዙ ሰው በቲቪ የተቀዳ ነገር በስልክ እንደሚቀረፅ ቪዲዮ ይመስለዋል። ትላልቆቹ አምራቾች የሚሠሯቸው ቲቪዎች ግን በዩኤስቢ ሲቀዱ ሁለት ነገር ያደርጋሉ። መጀመሪያ ፍላሹን ዊንዶውስ በማያውቀው አደረጃጀት ፎርማት ያደርጉታል፤ ሳምሰንግ በአብዛኛው ኤክስኤፍኤስ የሚባለውን፣ ኤልጂ ደግሞ ጄኤፍኤስ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ላፕቶፑ «ፎርማት ይደረግ?» የሚለው ፍላሹ ባዶ ሆኖበት ሳይሆን ማንበብ አቅቶት ነው። ሁለቱንም ሊኑክስ ያነባቸዋል፤ ኡቡንቱ በተጫነበት ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ላፕቶፑን ካስነሳችሁ ፋይሎቹ ወለል ብለው ይታያሉ።

ሁለተኛው ነገር ግን በሊኑክስም አይፈታም። ቲቪው የሚቀዳውን ምስል ወደ ፍላሹ ከመላኩ በፊት ኤኢኤስ በሚባለው ምስጠራ ይቆልፈዋል። የቁልፉ ምንጭ ሜይን ቦርዱ ላይ ነው፣ ከቲቪ ቲቪም ይለያያል። ያው ሞዴል፣ ያው ኢንች፣ ከዚያው ሱቅ የተገዛ ሌላ ቲቪ እንኳ አይከፍተውም። 128 ቢት ርዝመት ያለውን ቁልፍ በግምት ደርሶበት የሚከፍት ኮምፒውተር የለም፤ «አምጡት፣ እኔ እከፍተዋለሁ» ብሎ ቀብድ የሚጠይቅ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ለምን ነፃውን ቻናል ይቆልፉታል? እኔ እንደሚገባኝ አምራቹ ለፊልም ባለመብቶችና ለክፍያ ቻናሎች «የተቀዳ ነገር ከቲቪው አይወጣም» ብሎ መማል አለበት። የሚከፈልበትንና የማይከፈልበትን ለይቶ ከመቆለፍ ሁሉንም መቆለፍ ይቀለዋል። ለእሱ ቀለለ፣ ለእኛ ከበደ።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ሕጉ ከመሣሪያው ይልቅ ለገዢው የሚያደላ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሶኒና በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ክርክር 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ሰው ቤቱ ሆኖ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀድቶ በኋላ ቢያይ መብት አልጣሰም ብሎ ወሰነ። የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ግለሰብ ለግል መጠቀሚያው ብቻ ብሎ ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። ሕጉ የሰጠውን ቦርዱ ነሳ። ከቦርድ ጋር ደግሞ ችሎት ፊት አይቆምም።

## አሮጌውን ቦርድ አትስጡ

የተቀዳ ነገር ያለበት ቲቪ ሲበላሽ ጠጋኙ የመጀመሪያ ቃሉ «ቦርድ ነው» ከሆነ ቆም በሉ። ብዙ ጊዜ ሜይን ቦርዱ አይደለም።

ድምፅ እየተሰማ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፣ ክፍሉን አጨልማችሁ የስልክ ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግታችሁ አብሩ። ምስሉ በደብዛዛው ከታየ የሄደው ከኋላ ያለው የኤልኢዲ ስትሪፕ ወይም እሱን የሚያበራው ክፍል ነው። ስትሪፑ ይቀየራል፣ ቁልፉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ቀይዋ መብራት ጭራሽ ካልበራች መጀመሪያ መታየት ያለበት ለቲቪው ኃይል የሚሰጠው ክፍል፣ ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ፊውዙ፣ ጫፋቸው ያበጠ ካፓሲተሮች፣ ከዚያም የስታንድባይ ቮልቴጁ። እንደ ሞዴሉ 3.3፣ 5 ወይም 12 ቮልት መውጣት አለበት። ድሬ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ቀድሞ የሚያገኘው ይህንን ክፍል ነው፤ ሙቀቱም ካፓሲተሮቹን ያደርቃቸዋል።

አርማው ብቅ እያለ መልሶ የሚጠፋ፣ እንደገና የሚነሳ ቲቪ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ሜይን ቦርዱ ይጠጋል። እዚህም ቦርድ ከመቀየሩ በፊት ሶፍትዌሩ በዩኤስቢ እንደገና ይጫን። ጠጋኙ ኢኤምኤምሲ የሚባለውን የማስታወሻ ቺፕ ልቀይር ካለ፣ ቁልፉ አብሮ ሊሄድ እንደሚችል አውቃችሁ ፍቀዱ።

ከሁሉም የሚያስቸግሩት ርካሾቹ ባለ 32 ኢንች ናቸው። ፓወሩም፣ ሜይኑም፣ የመብራቱም ክፍል አንድ ቦርድ ላይ ስለሆነ፣ አንዲት ዳዮድ ተቃጥላ ሙሉው ቦርድ ይነሳል። ጠጋኙ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ አዲሱ ቦርድ ዳዮዷን ፈልጎ ከማግኘት ሰዓት ይረክሳል። ስለዚህ አስቀድማችሁ «ዕቃው ይቀየር፣ ቦርዱ አይቀየር፣ የሥራህን እከፍላለሁ» በሉት። መቀየሩ ግድ ከሆነም አሮጌውን ቦርድ ተቀበሉ። በዋጋ ላይ የሚታሰበው ቅናሽ ትንሽ ነው። አዲሱ በመጣበት ጸረ ስታቲክ ከረጢት ከታችሁ፣ የቲቪውን ሞዴልና ቀኑን ጽፋችሁበት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ቦርዱ ዛሬ ባይሠራም አንድ ቀን ጎበዝ እጅ ቢያስነሳው ፍላሹን የሚከፍተው እሱ ብቻ ነው።

ቲቪው ገና እየሠራ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ የሚሠራ ሥራ አለ። ቲቪ ኤችዲኤምአይ ማስገቢያ እንጂ ማውጫ የለውም፤ የተቀዳውን በገመድ ማውጣት አይቻልም። ዓይን የሚያየውን ግን ካሜራም ያያል፣ እስካሁን ይህችን ቀዳዳ የደፈናት የለም። መጋረጃ ዝጉ፣ መብራት አጥፉ። ስልኩን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ከስክሪኑ መሃል ትክክል አቁሙት። በስልኩ ካሜራ ካልተቻለ ኦፕን ካሜራ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጭናችሁ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ የመዝጊያ ፍጥነቱን 1/50 አድርጉት፤ እዚህ የሚተላለፈው በ25 እና በ50 ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በ30 ሲቀረፅ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የብርሃንና የቀለም መጠኑን ቆልፉት፣ አለበለዚያ ትዕይንቱ በተቀየረ ቁጥር ስልኩ ልክ ሊያስተካክል ይሞክራል። የቲቪውን ባክላይት 100 ላይ አድርሱት፤ ከዚያ በታች ብዙዎቹ ቲቪዎች ብርሃን የሚቀንሱት ቶሎ ቶሎ በማብራትና በማጥፋት ስለሆነ ጥቁር መስመሮች ይመጣሉ። የውሃ ሞገድ የሚመስል ጥለት ከታየ ስልኩን ወደ ኋላ አርቃችሁ ዙም አድርጉ። ድምፁን ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በ3.5 ሚሊ ሜትር ገመድ ወደ ላፕቶፕ ቅዱት፤ ስልኩ በራሱ የቀዳውን ድምፅ ለማገጣጠሚያ ያዙትና በኋላ አጥፉት። ውበቱ እንደ ዋናው አይሆንም። የሰውየው ፊትና ድምፅ ግን ይቀራል።

## ቁልፉ እየራቀ ሲሄድ

ዲቪዲ ሲመጣ ዓለም በቀጠና ተከፋፍላ ነበር የመጣችው። አሜሪካና ካናዳ 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከህንድና ከሩሲያ ጋር 5። በአምራቾቹ ሐሳብ ከዱባይ የመጣ ኦሪጅናል ዲስክ ድሬ ላይ መጫወት አልነበረበትም። ማንም ግን አልተቸገረም። የቻይና ማጫወቻዎች ወይ ክፍት ሆነው ይመጡ ነበር፣ ወይ ትሪውን አውጥቶ በሪሞት የተወሰኑ ቁጥሮችን በመጫን ወደ 0 ይቀየሩ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ብቻ ጠበቅ ይላል፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ ድራይቮች ቀጠና የሚቀይሩት 5 ጊዜ ነው፣ አምስተኛው ላይ ይቆማሉ። ያኔ ቁልፉ እጃችን ላይ ስለነበር መቃወም ወጪም ድፍረትም አይጠይቅም ነበር።

ቀጥሎ ቁልፉ ገመዱ ውስጥ ገባ። ኢንቴል የሠራው ኤችዲሲፒ በኤችዲኤምአይ የተገናኙ ሁለት ዕቃዎች እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ያስገድዳል። በመጀመሪያው ትውልድ እያንዳንዱ ዕቃ 56 ቢት የሆኑ 40 ቁልፎች ይዞ ይወጣል፤ ሲገናኙ ይፈታተሻሉ፣ ከዚያም በየ128 ፍሬሙ፣ ማለትም በየሁለት ሰከንዱ ገደማ፣ «አሁንም አንተው ነህ?» ይባባላሉ። አንዱ ከተሳሳተ ስክሪኑ ይጨልማል ወይም በረዶ ይሞላል። ከዚራ ሰፈር ያሉ ካፌዎች አንዱን ዲኮደር በስፕሊተር ለሁለት ቲቪ ሲያካፍሉ ጨዋታው መሃል ጥቁር የሚልባቸው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ሰው ግን ዲሹን ሊያስተካክል ጣሪያ ይወጣል።

ጣሪያ ከመውጣት በፊት ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ፤ በሪሞት ማጥፋት አይበቃም። መጀመሪያ ቲቪዎቹን፣ ቀጥሎ ስፕሊተሩን፣ በመጨረሻ ዲኮደሩን አብሩ። ገመዱ ረጅም ከሆነ በ2 ሜትር ሞክሩት፤ መተዋወቁ የሚፈርሰው ምስሉ ከመበላሸቱ በፊት ነው። ባለ 4ኬ ሣጥን ከሆነ ኤችዲሲፒ 2.2 ይጠይቃል፤ ከ2014 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠሩ ብዙ ቲቪዎች ይህንን የሚያውቁት በአንደኛው ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ ገመዱን ወደ ሌሎቹ ቀዳዳዎች እያዛወራችሁ እዩ። ካልሆነ የሣጥኑን የምስል ጥራት ወደ 1080 አውርዱት። የዚህ ቁልፍ አሳዛኝ ቀልድ ደግሞ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ዋና ቁልፍ በመስከረም 2010 እ.ኤ.አ. ሾልኮ ኢንተርኔት ላይ ወጣ፣ ኢንቴልም ትክክለኛ መሆኑን አመነ። ኮፒ የሚነግደው ሰው ከዚያ ወዲህ አልተቸገረም። የተቸገረው አሮጌ ቲቪ ያለው ሐቀኛ ደንበኛ ነው።

አሁን ቁልፉ ከቤታችን ወጥቷል፤ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩቲዩብ አሮጌውን አሠራሩን ሲዘጋ በ2012 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ስማርት ቲቪዎች ዩቲዩባቸውን አጡ። ከታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኔትፍሊክስ በ2010 እና በ2011 በተሠሩ አንዳንድ የሳምሰንግ ቲቪዎች ላይ መሥራቱን አቆመ። ቲቪዎቹ አልተበላሹም፤ ስክሪናቸው እንደተገዛበት ቀን ያበራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄኔ ነው።

ከሁሉም በላይ የድሬ ሰው ሊያውቀው የሚገባው የደቡብ አፍሪካው ነው። በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. በኳዙሉ ናታል በነበረው ሁከት የሳምሰንግ መጋዘን ተዘረፈ። ኩባንያው የተዘረፉትን ቲቪዎች ሴሪያል ቁጥር ሰርቨሩ ላይ መዘገበ፤ ቲቪው ኢንተርኔት ሲያገኝ ቁጥሩ ይፈተሻል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ሥራው በሙሉ ይዘጋል። ሌባ ላይ ሲሆን ማን ይቃወማል? እኔም አልቃወምም። ግን ኩባንያው ራሱ እንዳለው ይህ መዝጊያ አስቀድሞ በሁሉም ቲቪዎቹ ላይ የተጫነ ነው። በስህተት የተዘጋበት ሰው እንዲከፈትለት የግዢ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። በጅቡቲም በጅግጅጋም አልፎ፣ ሦስት እጅ ተቀባብሎት፣ «ወንድሜ፣ ቃሌ ይበቃሃል» ተብሎ የተገዛ ቲቪ ምን ማስረጃ አለው? ቤት ሸጦ አንዱን ቁልፍ ኪስ ውስጥ እንደማስቀረት ነው፤ ሻጩ ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ቤቱ ግን ሙሉ በሙሉ የገዢው አልሆነም።

## ድሬ ያገኘችው መልስ

ቁልፉ በራቀ ቁጥር በእጅ የሚሠራ ተቃውሞ ይደክማል። ቦርድ ላይ ያለውን በካሜራ እናታልላለን፤ ሰርቨር ላይ ያለውን ምን እናደርገዋለን? ሌላ አገር ገዢዎች ተባብረው ያስመለሱት አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን የተባለው የጨዋታ መሣሪያው በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት እንዲያገኝ የሚያስገድድና የተጠቀሙበትን ጨዋታ ማዋስና መሸጥ የሚገድብ ደንብ ይዞ መጣ፤ ተጫዋቹ ጮኸ፣ ብዙዎችም ፊታቸውን ወደ ተፎካካሪው አዞሩ። ደንቡ በይፋ ከተነገረ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በፈረንጆቹ ሰኔ 19 ላይ ተሻረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። ነገር ግን እዚያ የጮኸው ገበያ ኩባንያው የሚሰማው ገበያ ነበር። የእኛን ጩኸት ማን ይቆጥረዋል?

ድሬ ግን ሳትጮህ የሠራችው ነገር አለ፣ በቂ ምስጋናም አላገኘም። ቲቪውን ስክሪን ብቻ አድርጋ፣ ሥራውን ለርካሽ ሪሲቨር መስጠት። ነፃ ቻናል የሚይዙት የቻይና ኤችዲ ሪሲቨሮች አብዛኞቹ በዩኤስቢ የሚቀዱት ያለ ቁልፍ ነው፤ የሚወጣው ፋይል ቲኤስ የሚባለው ሲሆን ቪኤልሲ የሚባለው የኮምፒውተር ማጫወቻ ላይ፣ ሌላ ቲቪ ላይ፣ የጎረቤት ሪሲቨር ላይም ይከፈታል። ትልቁ ኩባንያ ያልሰጠንን ስም የሌለው ሣጥን ሰጠን።

አጠቃቀሙን ግን ማወቅ ይፈልጋል። አንድ ሰዓት ኤችዲ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ቢተላለፍ 3.6 ጊጋ ባይት ይሆናል፤ ባለ 4 ሜጋቢት ቻናል ግማሹን። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ማለፍ አይችልም፤ ጥሩው ሪሲቨር ቆርጦ ሁለተኛ ፋይል ይጀምራል፣ መጥፎው እዚያው ያቆማል፣ እናንተም የሠርጉን መጨረሻ ታጣላችሁ። ሪሲቨሩ ኤንቲኤፍኤስ የሚቀበል ከሆነ በሱ አድርጉት። ቅጂው የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ በቀርፋፋ ፍላሽ ነው። ሃርድ ዲስክ ከሰካችሁ ደግሞ የሪሲቨሩ ዩኤስቢ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ዲስኩ ለመነሳት ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ቲክ ቲክ እያለ የማይነሳው ዲስክ የተበላሸ ሳይሆን የተራበ ነው፣ የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ ግዙለት።

ሲግናሉንም ቀድማችሁ እዩ፤ የተቀዳ መሰባበር በኋላ አይጠገንም። በስሌት ከድሬ የኢትዮሳቱ ዲሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሆኖ 69 ዲግሪ ገደማ ሽቅብ ያያል፣ የናይልሳቱ ወደ ምዕራብ ሆኖ 33 ገደማ። ስለዚህ የጎረቤት ግንብ ወይም ዛፍ የሚጋርደው አብዛኛውን ጊዜ ናይልሳቱን ነው። ስትጨርሱ መጀመሪያ ማቆሚያውን ተጫኑ፣ የፍላሹ መብራት ብልጭ ማለቷን እስክታቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ንቀሉ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ፋይሉ 0 ባይት ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ እላዩ ላይ ሌላ ሳትቀዱ ዊንዶውስ ላይ የዲስክ ማረሚያውን አሂዱ። ወደ ኤምፒ 4 መቀየር ከፈለጋችሁም ምስሉን እንደገና የማይጨምቅ፣ ዕቃውን ብቻ ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚያዛውር አሠራር ምረጡ፤ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን በደቂቃ ይጨርሰዋል።

ለኢንተርኔትም ያው ነው። ቲቪውን ከዋይፋይ አላቁት፣ ውጪ የሚሰካ ሣጥን ተጠቀሙ። ሣጥኑ ሲያረጅ የሚጣለው ሣጥኑ ነው። ቲቪው ከኢንተርኔት ሲወጣ የምታዩትን እየቆጠረ መላኩም ይቆማል፤ ቪዚዮ የተባለው አምራች ያለ ፈቃድ ከ11 ሚሊዮን ቲቪ ይህን ሰብስቦ በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ስለ ሣጥኑ አንድ ነገር ብቻ፦ «4ኬ» የሚል ጽሑፍ አያታልላችሁ። ዲአርኤም ኢንፎ የሚባለውን መተግበሪያ ጭናችሁ ዋይድቫይን የሚባለው የፊልም መቆለፊያ ደረጃው ኤል 3 ካለ፣ የሚከፈልባቸው የፊልም መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ ከ480 ጥራት በላይ አያሳዩአችሁም።

## ከመግዛት በፊት፣ ሱቁ ውስጥ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ጥያቄው ሱቅ ውስጥ ይነሳ። ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ዲሽ ካለው ቲቪው ላይ አንድ ነፃ ቻናል ለሁለት ደቂቃ ቅዱ፣ ካልሆነ ለሙከራ እንዲያገናኝላችሁ ጠይቁ። ፍላሹን አውጥታችሁ መደርደሪያው ላይ ባለው ሌላ ቲቪ ወይም በሻጩ ላፕቶፕ ሰኩት። ከተከፈተ እሰየው። ፎርማት ላድርግ ካለ መልሱን አገኛችሁ። አንዳንድ ሞዴል ላይ የመቅጃው ሜኑ የሚታየው በተመረጠው አገር ላይ ተመስርቶ ስለሆነ፣ የለም ከተባለ አገሩን ቀይራችሁ እዩ። ከዚያ ቲቪው ያለ ዋይፋይ፣ ያለ አካውንት ተነስቶ ኤችዲኤምአይ ላይ መድረስ መቻሉን ፈትሹ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ሙሉ ሞዴሉ፣ ሴሪያል ቁጥሩ፣ እና «በዩኤስቢ የተቀዳው በሌላ መሣሪያ ይከፈታል» ወይም «አይከፈትም» የሚል አንድ መስመር። አንዳንዱ ነጋዴ ይስቃል። አንዳንዱ «እኔ ሻጭ ነኝ፣ ምን አውቄ» ይላል፤ ፍላሹን አብራችሁ ስትሞክሩት እሱም ያውቃል። «አይከፈትም» ብሎ ለመጻፍ እጁ የከበደው ነጋዴ ዋጋ ላይ ይለሳለሳል። ሌላ ደንበኛ ያንኑ ጠይቆ፣ ሌላው ደግሞ ሞክሮ ሳይገዛ ሲወጣበት፣ ዱባይ ላለው አምጪው «የሚቀዳው የሚከፈተውን ላክልኝ» ብሎ ይደውላል።